ፌሮ (የአርማታ ብረት) ለኮንትራክተር እንዴት ይሸጣል
የኮንስትራክሽን እቃ የምትሸጡ ልጆች፣ ቴሌግራም ላይ ፎቶ ለጥፎ «ለዋጋ በውስጥ መስመር» ማለት ኮንትራክተር ጋር አይሰራም፣ ሰውየው ጊዜ የለውም እኮ! ፖስቱ ላይ «ባለ 12 ሚሊ ፌሮ፣ የኪሎ ዋጋው ይሄ፣ ከነቫቱ፣ ሳይት ድረስ እናደርሳለን» ብላችሁ በግልፅ ጻፉለት።

ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የኢምፖርት እቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ፕሮፎርማው (የዋጋ ማቅረቢያው) ላይ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና ቀኑን አስቀምጡ፣ እስከዛ ቀን ድረስ ዶላር ቢጨምርም በቃላችሁ ቁሙ፣ ደንበኛ የሚያዘው እንደዛ ነው።

ትልቅ ፕሮጀክት ከሆነ ደሞ ሳምፕል አይቶ የሚያጸድቀው አማካሪው መሐንዲስ ስለሆነ የቴስት ውጤቱን ይዛችሁ ሂዱ። ፎርማኑን (ሳይት ላይ ሠራተኞቹን የሚመራውን) ግን በናታችሁ አትርሱት፣ ምን እቃ እያለቀ እንደሆነ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው፣ ስልኩን ያዙና የስላብ (የወለል አርማታ) ብረት ማሰር ሳይጀመር ደውሉለት።