ከቤት አቧራ የሰው ዲኤንኤ የማውጣት አሠራር

የቤት አቧራ ከውጭ የገባ አፈር ብቻ አይደለም፤ ከነዋሪዎቹ ገላ የተራገፈ የቆዳ ሕዋስ፣ የረገፈ ፀጉር፣ የልብስ ብናኝና ስፍር ቁጥር የሌለው ባክቴሪያ የተቀላቀለበት በመሆኑ፣ በወጉ ከተሰበሰበ የሰው ዲኤንኤ ይገኝበታል። ትልቁ ፈተና የተገኘው ዲኤንኤ የሰብሳቢው ወይም የመሰብሰቢያውን ዕቃ ያመረተው ሰው አለመሆኑን ማረጋገጥ ነው። የጀርመን ፖሊስ በበርካታ የወንጀል ሥፍራዎች ዲኤንኤዋን ያገኘባትን አንዲት ሴት ለዓመታት ሲያድን ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ዲኤንኤው ፖሊስ ናሙና የሚጠርግበትን ጥጥ በማዘጋጀት ላይ የተሰማራች የፋብሪካ ሠራተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ማምከን ጀርምን ይገድላል እንጂ ዲኤንኤን አያጠፋም፤ ስለዚህ የሚገዛው ጥጥ ከሰው ዲኤንኤ ነጻ መሆኑ የተረጋገጠ፣ ማለትም በ2016 የወጣውን አይኤስኦ 18385 የተባለ ዓለም አቀፍ የጥራት ደረጃ የሚያሟላ ይሁን።

ሰብሳቢው ጓንትና ማስክ አድርጎ፣ በናሙናው ላይ ሳይናገር፣ ከእያንዳንዱ ቦታ ለየብቻ ይውሰድ። ከወለል ይልቅ የበሩን የላይኛውን ጉበን ወይም የቁምሳጥኑን አናት መምረጥ ይበጃል፤ ምክንያቱም በጫማ የገባ አፈር የያዘው ሂዩሚክ አሲድ (ከበሰበሰ ዕፅዋት የሚመጣ ንጥረ ነገር) ፒሲአርን፣ ማለትም ዲኤንኤን በላቦራቶሪ የማባዛት ዘዴን፣ ያውካል። በንጹሕ ውኃ በትንሹ የረጠበው ጥጥ አቧራውን ከጠረገ በኋላ አየር ላይ ይድረቅና በወረቀት ፖስታ ይታሸግ፤ ፕላስቲክ እርጥበት አምቆ ሻጋታ ያመጣል። ምንም ያልነካ አንድ ርጥብ ጥጥም ለማነጻጸሪያ እስከ መጨረሻው አብሮ ይመርመር።

በላቦራቶሪ ጥጡ ኢዲቲኤ (ዲኤንኤን የሚበጣጥሱ ኢንዛይሞችን የሚገታ ኬሚካል)፣ ሳሙናማ ኬሚካልና ፕሮቲኔዝ ኬ (ፕሮቲን የሚፈታ ኢንዛይም) ባለበት ፈሳሽ ውስጥ በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሰዓታት፣ ቢቻል ሌሊቱን ሙሉ ይቆያል። ፀጉር ካለበት ዲቲቲ የተባለ ኬሚካል ይጨመራል፤ አለበለዚያ የፀጉሩ ፕሮቲን የሆነው ኬራቲን በቀላሉ አይፈታም። ከዚያም ፈሳሹ በሴንትሪፉጅ (በፍጥነት እያሽከረከረ በሚለይ መሣሪያ) ተለይቶ ዲኤንኤው በሲሊካ (መስታወት በሚሠራበት ማዕድን) ላይ እንዲጣበቅ ይደረጋል፤ ታጥቦም በጥቂት ፈሳሽ ይወጣል።

መጠኑ የሚለካው የሰውን ዲኤንኤ ብቻ በሚለይ ፒሲአር ነው፤ ጠቅላላውን ዲኤንኤ የሚለካ መሣሪያ የባክቴሪያውንም ስለሚቆጥር ያሳስታል። አንድ የሰው ሕዋስ 6.6 ፒኮግራም (ፒኮግራም የናኖግራም አንድ ሺኛ ነው) ያህል ዲኤንኤ ስለሚይዝ፣ 1 ናኖግራም ለማግኘት የ150 ሕዋሳት ያህል ይበቃል። ሆኖም ከቆዳ የሚራገፉት አብዛኞቹ ሕዋሳት አብዛኛውን ዲኤንኤ የሚይዘውን ኒውክለሳቸውን ያጡ ናቸውና፣ ብዙ አቧራ ጥቂት ዲኤንኤ ቢሰጥ አያስደንቅም። በዚህን ጊዜ ከኒውክለስ ውጭ በብዙ ቅጂ ወደሚገኘው ወደ ሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ መሄድ ይቻላል፤ እርሱ ግን በእናት በኩል የሚዛመዱትን ሰዎች አይለይም።

ውጤቱ ብዙውን ጊዜ የበርካታ ሰዎች ድብልቅ ስለሚሆን፣ ከነዋሪዎቹ በፈቃዳቸው ከተወሰደ የአፍ ናሙናና ከሰብሳቢውና ከላቦራቶሪው ሠራተኞች ዲኤንኤ ጋር ይመሳከራል። አቧራ በልብስ ከቤት ወደ ቤት ስለሚጓዝ፣ ሪፖርቱ የዲኤንኤውን መገኘት ብቻ ይግለጽ፤ ባለቤቱ መቼ እንደገባ፣ ጭራሽ ገብቶ እንደሆነም፣ ከዚህ ተነሥቶ አይወስን።