ፊሽካው ዝም ሲል፦ የእስያን ቅርጫት ኳስ ስናይ የምንደጋግማቸው ስህተቶች

ማኒላ ላይ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል የሚጀመር ጨዋታ አዲስ አበባ ሲደርስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የማሠለጥናቸው ወጣት ዳኞች የኤንቢኤን ጨዋታ ለማየት ሌሊቱን ማንጋት ስለሚከብዳቸው የፊሊፒንስን፣ የጃፓንን፣ የኮሪያንና የቻይናን ሊግ ለምደዋል። በዚህ ቅር አይለኝም። በአንድ አህጉር ይህን ያህል የተለያየ ፊሽካ መስማት ለጀማሪ ዳኛ መልካም ትምህርት ነው። የሚያማርረኝ ሰኞ የሚላክልኝ ቪዲዮ ነው። ሃያ ሰከንድ የማይሞላ ቁራጭ፣ አንድ ክርን፣ አንድ ወለል ላይ የተዘረጋ ሰው፣ ከሥሩም «ጋሼ፣ ይህን ዳኛ ምን ይሉታል?» የሚል ጥያቄ። ለየአንዳንዱ መመለስ ስለሰለቸኝ አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል።

የአንዱን አገር ሕግ ይዞ ሌላው አገር መግባት

የፊሊፒንሱ ፒቢኤ በእስያ የመጀመሪያው የፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ሊግ ነው። የተመሠረተው በ1975 ነው፤ ይህም ሆነ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሕጉ ለአሜሪካው ይቀርባል፦ ሩቡ 12 ደቂቃ ነው፣ ተጫዋች የሚወጣው በ6ኛው ጥፋት ነው፣ ከባድ ጥፋትም እንደ ኤንቢኤ በሁለት ደረጃ ይከፈላል። የጃፓኑ ቢ ሊግና የኮሪያው ኬቢኤል ግን ሩባቸው 10 ደቂቃ፣ የጥፋት ገደባቸውም 5 ነው።

ይህን የማያውቅ ተመልካች ጃፓን ውስጥ በሁለተኛው ሩብ ሦስተኛ ጥፋቱን የሠራ ረጅም ተጫዋች ወደ አግዳሚ ወንበር ሲጠራ «አሠልጣኙ ፈሪ ነው» ይላል። ሰውዬው ፈሪ አይደለም፣ መቁጠር ይችላል። ማኒላ ቢሆን ያ ተጫዋች አንድ ጥፋት ይተርፈው ነበር፤ ተከላካይ ደግሞ ትርፍ ጥፋት ካለው ደረቱን ነፍቶ ይገፋበታል። የፊሊፒንስ ክለቦች በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን በፊባ ሕግ በሚካሄደው የምሥራቅ እስያ ሱፐር ሊግ ሲሰለፉ ያቺን ትርፍ ጥፋት አገር ቤት ትተው ነው የሚሄዱት። ስለዚህ አንድን ጨዋታ «ሸካራ» ወይም «ለስላሳ» ከማለታችሁ በፊት በየትኛው ሕግ እየተጫወቱ እንደሆነ እዩ።

ቡጢው ላይ መጀመር

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ታገሡኝ።

ሁሉም የሚልክልኝ አንድ ቪዲዮ አለ። ጁላይ 2 ቀን 2018፣ ቡላካን ግዛት፣ ፊሊፒን አሬና፣ ፊሊፒንስ ከአውስትራሊያ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ። ጨዋታው የብሔራዊ ቡድን ቢሆንም አብዛኞቹ ፊሊፒኖዎች የፒቢኤ ልጆች ናቸው። የሚላክልኝ ቁራጭ ሁልጊዜ የሚጀምረው አውስትራሊያዊው ዳንኤል ኪከርት ሮጀር ፖጎይን በክርኑ ሲመታው ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ዓለም አይቶታል፦ ቡጢ፣ እርግጫ፣ የሚወረወር ወንበር። 13 ተጫዋቾች ተባረሩ፤ 9ኙ ከፊሊፒንስ፣ 4ቱ ከአውስትራሊያ። ፊሊፒንስ በሦስት ሰው ቀጠለች። ከሦስቱ ሁለቱ ጥፋታቸውን ሆን ብለው ሞልተው ሲወጡ አንድ ብቻ ቀረና ጨዋታው ሦስተኛው ሩብ እንኳ ሳያልቅ 89 ለ 53 ተቋጨ።

አሁን ምስሉን ወደ ኋላ መልሱት። ከክርኑ አንድ እስትንፋስ በፊት ፖጎይ ክሪስ ጎልዲንግን ገፍቶ ጥሎታል፤ ኪከርት የመጣው ለዚያ መልስ ነው። አሁንም ወደ ኋላ። ከጨዋታው በፊት በነበረው ልምምድ አውስትራሊያውያኑ «ያንሸራትታል» ብለው ወለሉ ላይ የተለጠፉትን ማስታወቂያዎች ልጠው አንሥተዋል፤ አስተናጋጆቹም በዚህ ተቆጥተዋል። ሁለቱ ቡድኖች እንግዲህ ገና ኳሱ ወደ ላይ ሳይወረወር ተኳርፈው ነው የገቡት።

እንዲህ ያለውን ጨዋታ የሚመራ ዳኛ ሥራው የመጀመሪያዋ ግፊያ ላይ ይጀምራል። ጥፋቷ ብታንስም ይነፋባታል። ሁለተኛዋም ላይ ይነፋል። ሕዝቡ ይጮሃል፣ አሠልጣኞቹ እጃቸውን ያወናጭፋሉ፣ ይሁን። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ሁለቱም ወገኖች ድንበሩ የት እንደተሰመረ ያውቁታል፤ ዳኛውም ከዚያ በኋላ ፊሽካውን ሊያሳርፍ ይችላል። መጀመሪያ ላይ ያሳለፋችሁትን ግፊያ ግን በሦስተኛው ሩብ፣ ያውም በገዛ ሕዝቡ ፊት በ31 ነጥብ ከተበለጠ ቡድን ላይ ልሰብስበው ብትሉ አይሰበሰብም። ከዕዳው ጋር ወለዱንም ትከፍላላችሁ።

«ዳኞቹ ምን አጠፉ? የተማቱት ተጫዋቾቹ» የሚለኝ በየዓመቱ አይጠፋም። ፊባ እንደዚያ አላየውም። የፊሊፒንስን ፌዴሬሽን 250,000፣ የአውስትራሊያን ደግሞ 100,000 የስዊስ ፍራንክ ቀጣ። ከሁለቱም ወገን 13 ተጫዋቾችን አገደ። ከዚያም የጨዋታው ዳኞች እሱ በሚያዘጋጃቸው ዓለም አቀፍ ውድድሮች ላይ ለአንድ ዓመት እንዳይመደቡ ወሰነ። ከዳኞቹ አንዳቸውም ቡጢ አልሰነዘሩም። የቅጣቱን ዝርዝር ለአዲስ ሠልጣኞች ሁልጊዜ አነብላቸዋለሁ፤ ስለ ተጫዋቾቹ ሳነብ ይሳሳቃሉ፣ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ስደርስ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

«የፊሊፒኖዎች ጠባይ ነው» ማለት

አይደለም። እርግጥ ነው፣ በ1977 የፒቢኤ ክለቦቹ የክሪስፓና የቶዮታ ተጫዋቾች ተደባድበው ፎርት ቦኒፋሲዮ በተባለው የጦር ሰፈር ታስረዋል። በ1990 ደግሞ በሮበርት ጃዎርስኪ የሚመራው አኜሆ የተባለ ክለብ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ በዳኝነቱ ተማሮ ሜዳውን ጥሎ ወጥቷል። ነገር ግን ከ2020 ወዲህ ብዙ ፊሊፒኖዎች ለእስያውያን በተፈቀደው ቦታ ጃፓን ሄደው ቢ ሊግ ውስጥ ተጫውተዋል፤ እዚያ ወንበር ሲወረውሩ እኔ አላየሁም። ደማቸው ያው ነው፤ የተለየው የሚሰሙት ፊሽካ ነው።

የቅጣት ውርወራ ቆጥሮ መፍረድ

አንዱ ቡድን 30 ጊዜ፣ ሌላው 12 ጊዜ ለቅጣት ውርወራ ስለቆመ ዳኛው ተገዝቷል ማለት አይደለም። አንደኛው ወደ ቅርጫቱ እየሰነጠቀ ሲገባ ሌላው ከሩቅ የሚወረውር ከሆነ ልዩነቱን ያመጣው አጨዋወቱ ነው።

ቁጥሩን ጨርሳችሁ አትጣሉት ግን። እንደ ቴርሞሜትር ነው፤ በሽታውን ባይነግራችሁም ትኩሳቱን ይነግራችኋል። ኦገስት 18 ቀን 2011 ቤይጂንግ ውስጥ የአሜሪካው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ያኔ በቻይና ሊግ ይጫወት ከነበረው የጦር ሠራዊቱ ክለብ ባዪ ጋር ተጋጠመ። ልብ በሉ፣ የወዳጅነት ጨዋታ ነው። በአራተኛው ሩብ ውጤቱ 64 ለ 64 እያለ ባዪ 57 የቅጣት ውርወራ አግኝቷል፤ ጆርጅታውን 15። ከዚያ ምን እንደመጣ መገመት አያቅታችሁም፦ ድብድብ፣ የሚወረወር ወንበርና የውኃ ጠርሙስ፣ ቡድኑን ይዞ የሚወጣ አሠልጣኝ። ከ57ቱ ስንቱ ተገቢ ነበር የሚለውን መከራከር ይቻላል። ዳኛ ማወቅ ያለበት ግን አንዱ ቡድን ፊሽካውን ማመን የተወበትን ደቂቃ ነው። ያን ጊዜ ጨዋታውን አቁሞ ሁለቱን አምበሎች ይጠራል፣ አሠልጣኞቹን ያነጋግራል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ድንበሩን እንደገና ያሰምራል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ዝምታን ጥንካሬ ማለት

ኮሪያ አካላዊ ጨዋታን በሜትር ልትለካው ሞክራ ታውቃለች። በ2018-19 የውድድር ዘመን ኬቢኤል ለየክለቡ ሁለት የውጭ አገር ተጫዋቾች የቁመት ጣሪያ አወጣ፦ ረጅሙ ከ2 ሜትር፣ አጭሩ ከ186 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ። ዴቪድ ሳይመን የተባለው አሜሪካዊ ተለካና በ2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለበለጠ ሊጉን ለቀቀ። ደንቡ በማግሥቱ የውድድር ዘመን ተነሣ። በ2024-25 ደግሞ ሌላ መንገድ መጣ፤ ኮሪያውያን «ሃርድ ኮል» አሉት። ቀላል ንክኪ እንዲታለፍ፣ ጨዋታው ወደ ዓለም አቀፉ ደረጃ እንዲጠጋ ታስቦ ነው። ነጥብ ቀነሰ፣ ክርክር በዛ፤ የእኔ ሠልጣኞች ግን «ይኸውላችሁ፣ የወንድ ጨዋታ!» ብለው አጨበጨቡ።

ሐሳቡን አልቃወምም። በየቦታው እየተነፋለት ያደገ ተጫዋች ዓለም አቀፍ ውድድር ላይ የመጀመሪያው ግፊያ ሲደርስበት ዳኛውን ነው የሚያየው፤ ኳሱ እስከዚያ ሄዷል። የምቃወመው ማሳለፍን ከዝምታ ጋር ማምታታቱን ነው። ልዩነቱን ላሳያችሁ። ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ ኳስ የሚጠብቅ ግዙፍ የውጭ ተጫዋች አለ። ከኋላው የቆመው ኮሪያዊ ክንዱን አጥፎ ወገቡ ላይ አሳርፏል። ሁላችሁም ክንዱን ታያላችሁ። ክንዱን ተዉት፤ እግሩን እዩ። የአጥቂው የተተከለ እግር ከቦታው ካልተነቀነቀ፣ ጫማው ቢጮህም፣ አጥቂው ቢያቃስትም፣ ይታለፍ። እግሩ ግማሽ እርምጃ ከተንሸራተተ ቦታውን ተቀምቷልና ይነፋል። «ግዙፍ ስለሆነ ይችለዋል» ብሎ ማለፍ የለም፤ የእስያ ሊጎች ውስጥ የውጭ ተጫዋቾች ከሁሉ አብልጠው የሚያማርሩት ይህንኑ ነው፣ እውነታቸውንም ነው። ደግሞም ግዙፉ ሰው ሳይነፋለት የቀረውን ሁሉ በልቡ ይመዘግባል፤ በአራተኛው ሩብም በክርኑ ያወራርዳል።

ይህን የማውቀው ከቪዲዮ አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት የትምህርት ቤቶች ውድድር ፍጻሜ ላይ «ጨዋታ የማያቋርጥ ዳኛ» መባል ያኮራኝ ነበር። አንድ ተከላካይ አጭሩን ኳስ አንጣሪ ወገቡ ላይ በእጁ እየያዘ ያስቀረዋል። አራት ጊዜ አለፍኩት፤ ቆጥሬያለሁ። በአምስተኛው ልጁ ከነክርኑ ዞረ። የተከላካዩን የፊት ጥርስ ከአግዳሚ ወንበሩ ሥር ተንበርክከን ስንፈልግ እናቱ ከተመልካቹ መሀል ወርዳ አጠገቤ ቆመች። አልጮኸችም። «አላዩም ነበር እንዴ?» ብቻ አለችኝ። አይቼ ነበር።

ቀሪዎቹ

ለግጭቱ የቀረበውን ዳኛ አትስደቡ፤ በሦስት ዳኛ በሚመራ ጨዋታ ቅርቡ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው የተጫዋች ጀርባ ነው፣ ክፍተቱን የሚያየው ማዶ የቆመው ነው።

የወደቀ ሁሉ አልተገፋም። ኬቢኤል አስመስለው የሚወድቁትን ስማቸውን እያወጣ በገንዘብ ይቀጣል፤ ዝርዝሩን ብታነቡ የምታደንቋቸውን ታገኛላችሁ።

ዓይናችሁን ከኳሱ አንሡና ተከላካዩ ላይ አሳርፉ። ይህን መድገም እስኪሰለቸኝ ደግሜዋለሁ።

በዘገምተኛ ምስል መፍረድ

ጁላይ 30 ቀን 2024፣ ሊል ከተማ፣ የፓሪስ ኦሊምፒክ፣ ጃፓን ከአዘጋጇ ፈረንሳይ። የጃፓኑ ሩዪ ሃቺሙራ በሁለተኛ ከስፖርት መንፈስ ውጪ በሆነ ጥፋት ተባርሯል። ያም ሆኖ ጃፓን ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩ በ4 ነጥብ ትመራለች። ማቲው ስትራዜል ከሦስት ነጥብ መስመር ውጪ ተነሥቶ ወረወረ፤ በቢ ሊግ ያደገው አጭሩ ካዋሙራ ዩኪ አብሮት ዘለለ። ኳሱ ገባ፤ ፊሽካም ተነፋ። ስትራዜል የቅጣት ውርወራውን ጨመረና እኩል ሆኑ። ፈረንሳይ በተጨማሪ ሰዓት 94 ለ 90 አሸነፈች። ካዋሙራ በዚያ ምሽት 29 ነጥብ አግብቶ ነበር።

ሠልጣኞቼ ቪዲዮውን አዝግመው፣ አቁመው፣ አጉልተው ዐሥር ጊዜ አዩት። በካዋሙራ እጅና በስትራዜል እጅ መካከል ብርሃን ይታያል አሉ። ድምፅ ሰጡ፤ 11 ለ 2 «አይነፋም» ሆነ። እኔም እጄን ከ11ዱ ጋር አወጣሁ። ከሁለቱ አንዷ ስልኩን ተቀበለችና «ጋሼ፣ አሁን ዳኛው እንዳየው ይዩት» ብላ በመደበኛው ፍጥነት አንድ ጊዜ ብቻ አጫወተችው። ካዋሙራ ሲዘል እጄ ሳላስበው አንገቴ ላይ ወደተንጠለጠለው ፊሽካ ሄደ።