ቀላሉን ቀን ቀላል አድርጉት

ጎንደር ላይ ጠዋት ጠዋት የምትሮጡ፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ እግራችሁ እንጨት ሆነ? ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ቀላል በሚባለው ቀን ላይ ነው፤ ጓደኛ ቀደመኝ ብላችሁ ትከንፋላችሁ፣ ዋናው ከባድ ልምምድ ሲደርስ ጉልበት የለም።

እኔም ከፒያሳ እስከ ቁስቋም ያለውን ዳገት በየቀኑ ሳላቆም ካልወጣሁ የሮጥኩ አይመስለኝም ነበር። ወር ሳይሞላ ደረጃ መውጣት አቃተኝ። እንቅልፍ ጠፋ፣ እንጀራ ሲቀርብልኝ አፌን ይመረኝ ጀመር።

መለኪያው ወሬ ነው። እየሮጣችሁ ስለ ፋሲል ከነማ ጨዋታ ሳይቆራረጥ ማውራት ከቻላችሁ ቀላል ነው። ሦስት አራት ቃል ብላችሁ ትንፋሽ ከሳባችሁ መካከለኛው ውስጥ ገብታችኋል። ከ«እሺ» ሌላ ቃል ካልወጣላችሁ ከባድ ነው። አብዛኞቻችን የምንከርመው መካከለኛው ላይ ነው፤ ያደክማል፣ ግን እንደ ከባዱ ፍጥነት አይሰጥም።

ቀስ ስትሉ ሰውነት ስብ በደንብ ያቃጥላል። ፍጥነት ሲጨምር ወደ ግላይኮጅን ይዞራል፣ ማለትም ጡንቻና ጉበት ውስጥ ወደተቀመጠው ስኳር፤ እሱ ደግሞ ውስን ነው፣ አንዴ ካለቀ በደንብ ተበልቶም እንደገና ለመሙላት አንድ ቀን ገደማ ይፈጃል። በዚያ ላይ ከተማችን ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ቆላ ላይ ቀላል የነበረ ፍጥነት እዚህ መካከለኛ ይሆናል። ከስልክ ያወረዳችሁትን የፍጥነት ሰንጠረዥ እንዳለ አትውሰዱት።

በሳምንት አምስት ቀን ከሮጣችሁ አራቱ ቀላል፣ አንዱ ከባድ ይሁን። በቀላሉ ቀን ዳገት ከገጠማችሁ ተራመዱ፣ ማንም አይስቅባችሁም (ይስቃሉ፣ ግን ምን አገባችሁ)።

ድካሙንም ጻፉት። ከሩጫው ግማሽ ሰዓት በኋላ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ስጡትና በደቂቃው አባዙ። 60 ደቂቃ በ3 ነጥብ 180 ነው፤ 40 ደቂቃ በ8 ነጥብ ግን 320። አጭሩ ነው የጣላችሁ።

በጾም እስከ 9 ሰዓት የምትቆዩ፣ ከባዱን ጠዋት አታድርጉት። ምሳ በልታችሁ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሩጡና ቤት እንደገባችሁ በሶ በጥብጡ። ጠዋት ደግሞ ከአልጋ ሳትነሱ የልብ ምታችሁን ቁጠሩ፤ ከወትሮው ከፍ ብሎ ሁለት ሦስት ቀን ከሰነበተ ከባዱ ልምምድ ለሚቀጥለው ሳምንት ይደር።