ከቻይና ዕቃ ሲያስመጡ ከነጋዴ ኩባንያና ከፋብሪካ ጋር አሠራር

ከቻይና ዕቃ ማስመጣት የጀመረ ሰው ቶሎ የሚሰማው ምክር «መሃል ያለውን ዝለልና ፋብሪካውን ያዝ» የሚል ነው። አንድ ዓይነት ዕቃ በሙሉ ኮንቴይነር ለሚያዝዝ ሰው ምክሩ ይሠራል። ሃያ ዓይነት ዕቃ፣ ከየዓይነቱ ጥቂት ካርቶን ብቻ የሚፈልግ ግን ትዕዛዙ ፋብሪካው ከወሰነው ዝቅተኛ መጠን ስለሚያንስ መልስ እንኳ ላያገኝ ይችላል። ነጋዴ ኩባንያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ከየፋብሪካው ይገዛል፣ በአንድ መጋዘን ያከማቻል፣ የኤክስፖርት ሰነዱን ይጨርሳል፣ ኮንቴይነሩን ሞልቶ ይልካል። ከ75,000 በላይ ሱቆች ያሉት፣ በምሥራቅ ቻይና ዪዉ ከተማ የሚገኘው የጅምላ ገበያ የሚታወቀውም በዚህ ዓይነት የተቀላቀለ ጭነት ነው። ነጋዴ ኩባንያው ለድካሙ የሚይዘው ትርፍ አያስቆጭም። የሚያስቆጨው ነጋዴው «ፋብሪካ ነኝ» ሲል ነው፤ ዕቃው ተበላሽቶ ሲገኝ ማሽኑ በእጁ የለም፣ የማን ማሽን እንደሠራውም አይነግርዎትም።

ማንነቱን ለማጣራት የቻይንኛውን የንግድ ፈቃድ ቅጂ ያስልኩ። ፈቃዱ ላይ ከቁጥርና ከፊደል የተሠራ ባለ 18 አሃዝ የምዝገባ ኮድ አለ። የቻይና መንግሥት ለማንም ክፍት ባደረገው የድርጅቶች መረጃ ድረ ገጽ ኮዱን አስገብተው የተቋቋመበትን ዓመት፣ አድራሻውንና የሥራ ዘርፉን ያስተያዩ። ዘርፉ ውስጥ «ሼንግቻን»፣ ማለትም ማምረት፣ የሚል ቃል ከሌለ ነጋዴ የመሆኑ ነገር ያመዝናል። ቃሉ ቢኖርም ማረጋገጫ አይሆንም፤ ዘርፉን አስፍቶ የሚያስመዘግብ ብዙ ነው። ይልቅ የሚሸጠውን ይዩ፦ ጃንጥላ፣ አምፖልና ጫማ በአንድ ካታሎግ የያዘ ሻጭ ፋብሪካ ሊሆን አይችልም ማለት ይቻላል። ቀጠሮ ሳይዙ በቪዲዮ ደውሎ «አሁን ማሽኑን አሳዩኝ» ማለትም ብዙ ያጋልጣል።

ገንዘብ የሚገባበት ሒሳብ ስም ውሉ ላይ ካለው ስም ጋር አንድ መሆን አለበት። ወደ ግለሰብ ሒሳብ አይላኩ። የሆንግ ኮንግ ሒሳብ በዚህ ንግድ የተለመደ ነው፤ ግን ባለሒሳቡ ድርጅት ከሻጩ ጋር ያለው ግንኙነት ውሉ ላይ ይጻፍ። «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ከመጣ በዚያው ኢሜይል አይመልሱ፤ ቀድሞ በሚያውቁት ስልክ ደውለው ይጠይቁ። ኢሜይል ሰብረው የገቡ ሌቦች ቀሪ ክፍያውን የሚወስዱት በዚህ መንገድ ነው።

ውሉ ላይ «ጥሩ ጥራት» ብሎ መጻፍ ምንም አልጻፉም ማለት ነው። የብረቱን ውፍረት በሚሊሜትር፣ የጨርቁን ክብደት በግራም በካሬ ሜትር፣ ቀለሙን በፓንቶን ቁጥር (በዓለም አቀፍ የቀለም መለያ ኮድ)፣ የካርቶኑን ንብርብር ሳይቀር ያስፍሩ። የጸደቀው ናሙና ሦስት ይሁን፤ ታሽጎና ተፈርሞበት አንዱ ከእርስዎ፣ አንዱ ከሻጩ፣ አንዱ ዕቃውን ከጭነት በፊት ከሚፈትሽልዎ መርማሪ ዘንድ ይቀመጥ። ነጋዴው ናሙናውን ከአንድ ፋብሪካ አምጥቶ ትዕዛዙን ለሌላ ርካሽ ፋብሪካ እንዳይሰጥ የአምራቹን ስም ያስገቡ፤ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ መቀየርንም ይከልክሉ። ውሉ በቻይንኛም ተጽፎ የኩባንያው ክብ ቀይ ማህተም ይረፍበት፤ ቻይና ውስጥ ከፊርማ ይልቅ የሚታየው ማህተሙ ነው። ሞልድ (የዕቃውን ቅርጽ ማውጫ) ካሠሩ ባለቤትነቱን ሞልዱን ከያዘው ፋብሪካ ጋርም ይዋዋሉ፤ የነጋዴው ቃል ብቻ ሞልዱን ከፋብሪካው አያወጣም።

የተለመደው ክፍያ 30 በመቶ ቀብድ፣ 70 በመቶ ከጭነት በፊት ወይም የቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ ማለትም ዕቃው መርከብ ላይ መጫኑን የሚያሳየው ሰነድ፣ ቅጂ ሲታይ ነው። ያ 70 በመቶ በእጅዎ ያለ ብቸኛ ጉልበት ስለሆነ ከምርመራ በፊት አይልቀቁት። ምርመራው የሚካሄደው ዕቃው ሙሉ በሙሉ ተመርቶ ቢያንስ 80 በመቶው ሲታሸግ ነው። ለናሙና ምርመራ በወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ በአይኤስኦ 2859-1፣ በተለመደው የምርመራ ደረጃ 2 መሠረት ከ3,000 ዕቃ 125 ይወሰዳል፤ በተለመደው ልክ ከባድ ጉድለት ያለበት ከ7፣ ቀላል ጉድለት ያለበት ከ10 ካለፈ ጭነቱ ይወድቃል። ሰው የሚጎዳ ጉድለት አንድም አይፈቀድም። ካርቶኖቹን መርማሪው ራሱ ይምረጥ። «መርከቡ ነገ ይሄዳል» የሚለው ጥድፊያ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ልክ በዚህ ሰዓት ነው። ደግሞም ዋጋ ላይ ያለ ልክ የተጫነ ገዢ በኋላ ብረቱ ሳስቶ፣ ካርቶኑ ቀጥኖ ቢያገኘው አይደነቅ።

የቻይና አዲስ ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ከጃንዋሪ 21 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ባለው ጊዜ፣ በየዓመቱ በተለያየ ቀን ይውላል። ፋብሪካዎች ለሳምንታት ይዘጋሉ፤ ከሠራተኞቹም የማይመለሱ አሉ። ስለዚህ በዋዜማው ተቻኩሎ የተሠራውንም፣ ከበዓሉ በኋላ በአዲስ እጅ የተሠራውንም አጥብቀው ያስመርምሩ።

ዋጋ ሲያወዳድሩ ሁሉንም በኤፍኦቢ፣ ማለትም ዕቃው በቻይና ወደብ መርከብ ላይ እስኪጫን ያለውን ወጪ በያዘ ዋጋ፣ ይጠይቁ፤ አንዱ ከፋብሪካ በር፣ ሌላው ከወደብ የሰጡትን ዋጋ ማነጻጸር አይቻልም። ኮንቴይነር ለማይሞላ ጭነት የሚቀርብ በጣም ርካሽ ሲአይኤፍ (መድንንና እስከ መድረሻ ወደብ ያለውን ማጓጓዣ የጨመረ ዋጋ) ደግሞ ያጠራጥርዎት፤ የቀነሰው የማጓጓዣ ዋጋ ብዙ ጊዜ በመድረሻ ወደብ ክፍያ ሆኖ ይመለሳል። የመድረሻውን ክፍያ ዝርዝር ቀብድ ከመላክዎ በፊት በጽሑፍ ይቀበሉ።