ጀሪካን፣ ሲሚንቶና ባለ 6 ፌሮ፦ ለጀማሪ የምህንድስና መምህራን

ይህን የምጽፈው በቅርቡ አሲስታንት ሌክቸረር ሆናችሁ የኮንክሪት ወይም የስትራክቸር ኮርስ ለተሰጣችሁ ታናናሽ ባልደረቦቼ ነው። 60 ተማሪ ያለበት ሴክሽን ይጠብቃችኋል። ላቡ ውስጥ ያለው መጭመቂያ ማሽን ወይ ተበላሽቷል፣ ወይ ከነማሸጊያው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እኔ ወደ ማስተማር የመጣሁት ሳይት ላይ ከቆየሁ በኋላ ስለሆነ፣ ተመራቂዎቻችን ሥራ ሲጀምሩ የት ላይ እንደሚደናቀፉ ከዚያኛው ወገን ሆኜ አይቻለሁ። ቀመሩን ያውቁታል። ፊታቸው ያለው ብረት ግን ትክክለኛ ቦታው ላይ መሆን አለመሆኑን አይተው መናገር አይደፍሩም። ስለዚህ በኔ እምነት ተማሪ አንድ ነገር በገዛ እጁ ሠርቶ፣ ስንት እንደሚሸከም አስቀድሞ በቁጥር ጽፎ፣ ከዚያ ሰብሮ ማየት አለበት። ለዚህ አዲስ ላብ እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም።

ክፍሉ ለምን እንደሞላ ታውቃላችሁ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በ70/30 ፖሊሲ ከመቶ 70 ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ ሲደረግ ተማሪው መጣ፤ ዎርክሾፑና ቴክኒሺያኑ ግን በዚያው ፍጥነት አልመጡም። ከታች የሚመጣውም መሠረቱ የሳሳ ነው፦ በ2014 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 በመቶ ማምጣት ስላለበት፣ መምህሩ የቆዩ ጥያቄዎችን እያስጠና ሴሚስተሩን እንዲጨርስ ግፊት አለበት። ይህን ሁሉ አንድ ጀማሪ መምህር አይፈታውም። በእጃችሁ ያለው አንድ ኮርስ ነው፤ ከእሱ እንነሳ።

በመጀመሪያው ሳምንት አጭር የመለያ ፈተና ስጡ፤ ማርክ አይያዝበት። አንዱ ጥያቄ ይህ ይሁን፦ ጎኑ 150 ሚሊ ሜትር የሆነ የኮንክሪት ኪዩብ 25 ሜጋ ፓስካል ላይ ከተሰበረ ማሽኑ ስንት ኪሎ ኒውተን ጭኖበታል? በቶንስ ስንት ነው? መልሱ 562.5 ኪሎ ኒውተን፣ ወደ 57 ቶን ግድም ነው። ግማሹ ክፍል አሃድ መቀየር ላይ ቢወድቅ አትደንግጡ፤ ግን ዝም ብላችሁም አትለፉት። የወደቁትን ቅዳሜ ጠዋት ጎበዝ ሲኒየሮች እንዲያስጠኗቸው አድርጉ። አሃድ ያልገባው ተማሪ የሚቀጥለውን ሥራ መሥራት አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ክፍሉን ስድስት ስድስት አድርጋችሁ በ10 ግሩፕ ክፈሉት። እያንዳንዱ ግሩፕ ሦስት ስስ ቢሞች ይሞላል፦ ርዝመት 1 ሜትር፣ ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረት 4 ሴንቲ ሜትር። አንዱ ቢም ውስጥ ፌሮ የለም። ሁለተኛው ከታች በኩል አንድ ባለ 6 ፌሮ (ዲያሜትሩ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ብረት) አለው፤ ሽፋኑ፣ ማለትም ከፌሮው ሥር ያለው ኮንክሪት፣ 1 ሴንቲ ሜትር ነው። ሦስተኛው ልክ እንደ ሁለተኛው ተሞልቶ፣ ሲጫን ግን ይገለበጣል፤ ፌሮው ከላይ ይሆናል ማለት ነው። ባለ 6 ፌሮ ልሙጥ ስለሆነ እንዳይሾልክ ጫፎቹን ወደ ጎን እጠፏቸው። ካሳፎርማውን (ኮንክሪቱ የሚሞላበትን ቅርጽ) ከጣውላ ሥሩ፣ ውስጡን የተቃጠለ ዘይት ቀቡት።

ለ30ው ቢም በሙሉ የሚያስፈልገው ኮንክሪት 120 ሊትር ያህል ነው። አንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ፣ 22 ሜትር ግድም ፌሮ፣ አሸዋና ከ10 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ጠጠር ይበቃል። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሁለት እጅ ጠጠር፤ ውሃው የሲሚንቶው ክብደት ግማሽ። ውሃውን በሚዛን ወይም ልኩ በሚታወቅ ዕቃ ይለኩ፣ በዓይን አይሁን። ሳይት ላይ ኮንክሪት በብዛት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ ድብልቁ ደረቅ መስሎ ሲታይ አንድ ባልዲ ውሃ ይጨመርና ያልፋል። በማግስቱ ካሳፎርማው ይፈታ፣ ቢሞቹ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍነው ሁለት ሳምንት ውሃ ይጠጡ። ውሃ የማጠጣቱን ተራ ተማሪዎቹ ያውጡ፤ ቅዳሜና እሁድንም ይጨምራል።

ከመስበሪያው ቀን በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ለሦስቱም ቢሞች ቁጥር ጽፎ ይፈርም። በግሩፕ አይደለም፣ እያንዳንዱ ለራሱ። ስሌቱ ይህን ይመስላል። ፌሮ የሌለው ቢም መሰንጠቂያ ጥንካሬው 3 ሜጋ ፓስካል ቢሆን 80 ኒውተን ሜትር ይሸከማል። ድጋፎቹ በ90 ሴንቲ ሜትር ሲራራቁ የቢሙ የራሱ ክብደት ከዚህ ውስጥ 9 ኒውተን ሜትር ያህል ይበላል። የቀረው መሃል ላይ ሲንጠለጠል ወደ 32 ሊትር ውሃ ነው። አብዛኛው ተማሪ የቢሙን ክብደት ይረሳና 36 ይጽፋል። አታርሙት፣ ጀሪካኑ ይነግረዋል። ፌሮው ከታች ያለው ደግሞ ብረቱ 300 ሜጋ ፓስካል ላይ ይልድ ቢያደርግ (ላይመለስ መለጠጥ ቢጀምር) ወደ 90 ኪሎ ይደርሳል።

መስበሪያውን ግቢ ውስጥ አድርጉት። ሁለት የብሎኬት ክምር ከጉልበት ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩ፣ ቢሙን አስቀምጡ፣ መሃሉ ላይ በወፍራም ገመድ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንጠልጥሉ። የጀሪካኑ ቂጥ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ይበል። ከዚያ አንድ ሰው ሊትር በሊትር ይሙላ፣ ሌላው ጮክ ብሎ ይቁጠር፣ ሦስተኛው ይጻፍ። ሲሞላ ሁለተኛ ጀሪካን ይጨመራል፤ ፌሮ ላለው አምስት አዘጋጁ። ሁሉም የተዘጋ ጫማ ያድርግ፤ እግሩን ከቢሙ ሥር የሚያስገባ ተማሪ ካለ ሥራው ይቁም።

ፌሮ የሌለው ቢም ያለ ማስጠንቀቂያ ቀጭ ይላል። ፌሮው ከታች ያለው መጀመሪያ ቀጭን ስንጥቅ ያሳያል፣ ይጎብጣል፣ ግን እየጎበጠ ይሸከማል። የተገለበጠው ተሰንጥቆ ይታጠፋል፤ ፌሮው ሁለቱን ግማሾች አንጠልጥሎ ቢይዛቸውም፣ የሚሸከመው ፌሮ ከሌለው ብዙም አይበልጥም። ያኔ ስለ ባልኮኒ አንሱባቸው። ባልኮኒ ላይ ዋናው ፌሮ ከላይ ነው፤ ኮንክሪት ሲሞላ ሠራተኛ ረግጦ ወደ ታች ካወረደው የተገለበጠውን ቢም ሠራን ማለት ነው። በስላይድ ብዙ ጊዜ አስረድቼው የማይያዝ ነገር በዚህች ደቂቃ ይያዛል።

አንዲት የ3ኛ ዓመት ተማሪዬ ለፌሮው ቢም 90 ጽፋ ፈርማ ነበር። 55ኛው ሊትር አካባቢ ተሰነጣጥቆ ጎበጠና አልይዝ አለ። የግሩፑ ልጆች ሲሚንቶው አሮጌ ነው፣ ፌሮው ቀሽም ነው እያሉ ሲከራከሩ እሷ ተንበርክካ ስንጥቁ ጋ ያለውን ኮንክሪት በመዶሻ ፈልፍላ ሽፋኑን በማስመሪያ ለካች። 1 ሴንቲ ሜትር መሆን የነበረበት 2 ሆኗል። ኮፕሪፌሮውን (ሽፋኑ እንዲጠበቅ ፌሮውን ከካሳፎርማው የሚያርቀውን ቁራጭ) በሽቦ ስላላሰሩት ሲሞላ ተንሸራትቶ፣ ፌሮው ወደ ላይ ተነስቶ ነበር። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ በአዲሱ ልኬት ስታሰላው 53 መጣላት። አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ 37 ኪሎ በላ። ያቺ ልጅ ከዚያ ወዲያ ሳይት ላይ ኮፕሪፌሮ ሳታይ ኮንክሪት ሙሉ የምትል አይመስለኝም። እውነቱን ለመናገር እኔንም ከዚያ በላይ ያስደሰተኝ የማስተማር ቀን ብዙ የለም።

ሪፖርቱ በእጅ የተጻፈ ሁለት ገጽ ይሁን፦ የገመትኩት፣ የለካሁት፣ ልዩነቱ ከምን መጣ። የተሳሳተ ግምት ጽፎ ምክንያቱን ያገኘ ተማሪ፣ ትክክለኛ ቁጥር ይዞ ምክንያት ከሌለው የበለጠ ማርክ ያግኝ። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው፤ ካልነገራችኋቸው ልኬቱን ከግምታቸው ጋር እንዲገጥም አድርገው ይጽፉታል። በቴሌግራም ከቆየ ባች የመጣ ሪፖርትም እዚህ አይሠራም፣ የእያንዳንዱ ግሩፕ ቢም የተለየ ቁጥር ላይ ነው የሚሰበረው።

የቃል ፈተናም ጨምሩ። አምስት አምስት ደቂቃ ነው፣ በሳምንት 15 ተማሪ ብትጠሩ በአራት ሳምንት ክፍሉ ያልቃል። የአንድ ቤት ፕላን ሰጥታችሁ፣ «እኔ ፎርማን ነኝ፣ እዚህ ጋ የስታፋው ርቀት ለምን ጠበበ? አስረዳኝ» በሉ፤ ስታፋ ዋናውን ፌሮ ዙሪያውን የሚይዘው ቀለበት ብረት ነው። በሚቀለው ቋንቋ ያስረዳ፤ አማርኛም ይሁን አፋን ኦሮሞ ወይም ትግርኛ ከገባችሁ ተቀበሉት። ሳይት ላይ ፎርማኑን የሚያናግረው በእንግሊዝኛ አይደለም። እንግሊዝኛውን በጽሑፍ ሪፖርቱ ጠይቁት።

ፋይናል ላይ ከዎርክሺት የተገለበጠ ጥያቄ ቀንሱና ቢያንስ አንድ ስህተት ያለበት ድሮዊንግ አምጡ፤ ለምሳሌ ፌሮው በተሳሳተ ጎን የተሳለበት ባልኮኒ። ስህተቱን ፈልጎ የሚያገኝ ተማሪ የመውጫ ፈተናውን አይፈራውም። ስለ ፈተናው ለሚጨነቅ የዲፓርትመንት ኃላፊ መልሳችሁ ይኸው ይሁን፦ ቤንዲንግ፣ ሺር፣ ሽፋን፣ አሃድ ሁሉም እዚያ ፈተና ላይ የሚመጡ ናቸው።

ኪዩብ መስበር ከፈለጋችሁና ማሽናችሁ ካልሠራ፣ ግቢያችሁን ዞር ብላችሁ ተመልከቱ። ብዙ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሠራ ሕንፃ አይጠፋም፤ ኮንትራክተሩም በ7ና በ28 ቀን ኪዩብ ማስፈተን አለበት። ከዲፓርትመንት ደብዳቤ አጽፋችሁ አማካሪ መሐንዲሱን አናግሩ። ለ28 ቀኑ ፈተና 10 ተማሪ ቆሞ እንዲያይ ብቻ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ።

ኢንተርንሺፕ ላይ ልዩ ትኩረት አድርጉ። ብዙ ተማሪ ሳይት ቢሮ ቁጭ ብሎ ክፍያ ሰርተፊኬት ሲገለብጥ ይከርማል፣ ሲመለስ የካምፓኒውን ታሪክ የሚተርክ ወፍራም ሪፖርት ያመጣል። ይህ እንዳይሆን ከመሄዱ በፊት የሚለካውን ዘርዝራችሁ ስጡት። የአሸዋና የጠጠር ሳጥኑን በሜትር ይለካ፤ 50 በ40 በ20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 40 ሊትር ነው። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ስንት ሳጥን፣ ስንት ሊትር ውሃ እንደገባ አንድ ሙሉ ጠዋት ቆሞ ይቁጠር። 25 ሊትር መሆን የነበረበት 35 ሲሆን ጥንካሬው ምን እንደሚሆን ያሰላ። የአሥር ኮለን የስታፋ ርቀት ለክቶ ከድሮዊንጉ ጋር ያወዳድር። ሶሌታ (የወለል ኮንክሪት) ከመሞላቱ በፊት ኮፕሪፌሮ ፎቶ ያንሳ። ስታማክሩት ስልኩን አስከፍቱና ፎቶውን እያያችሁ ጠይቁት።

የዕርዳታ ማሽን እንስጣችሁ የሚል ሲመጣ ከመቀበላችሁ በፊት ጠይቁ፦ ስሪ ፌዝ መብራት ላባችን ውስጥ አለ ወይ? መለዋወጫው ከየት ይመጣል? ማን ካሊብሬት ያደርገዋል? ቴክኒሺያናችንን ማን ያሠለጥናል? ከነካርቶናቸው የቀሩት ማሽኖች ብዙዎቹ ከነዚህ አንዱ ሳይጠየቅ የመጡ ናቸው። ቴክኒሺያኑን ደግሞ በስሙ ጥሩት፣ በስብሰባ አስገቡት፣ ሪፖርቱ ላይ ስሙ ይጻፍ። ጥሩ ቴክኒሺያን የሄደበትን ላብ መልሶ ማስነሳት ከባድ ነው።

በመጨረሻ ግዢ። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። ጥያቄያችሁን በሚያዝያ ብታስገቡ ጊዜው አልፏል፤ ለቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ላይ አስገቡ። ቅጹ ላይ «የላብ ዕቃ» ብላችሁ በጥቅል አትጻፉ፣ ግዢ ክፍል ይመልሰዋል። ሲሚንቶ 2 ከረጢት (አንዱ መጠባበቂያ)፣ ባለ 6 ፌሮ 24 ሜትር፣ ለካሳፎርማ የሚሆን ጣውላ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 5፣ ወፍራም ገመድ፣ ጆንያ፣ ማሰሪያ ሽቦ፣ የብረት ሜትር፣ ጓንት ብላችሁ ለየብቻ ዘርዝሩ፣ ጎኑ ላይም የኮርሱን ኮድ አስፍሩ።