የወረዳ ምክር ቤት ተመራጮችን ለሕዝብ ማስተዋወቅ፦ ዝርዝሩን ከማጥራት እስከ ሰሌዳው

የምክር ቤት አባላትን ለማስተዋወቅ የሚለጠፈው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ መልኩ ያው ነው። ከላይ የዋና አስተዳዳሪው ትልቅ ፎቶ፣ ቀጥሎ አፈ ጉባኤው፣ ከዚያ የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ ከታች ደግሞ «ሌሎች አባላት» በሚል ርእስ በደቃቅ ፊደል የታጨቀ የስም ዝርዝር። ይህ የሹማምንት ሰንጠረዥ ነው። በእግሩ ወረዳ ድረስ የመጣ ገበሬ ሰሌዳው ፊት ቆሞ የሚፈልገው ግን «የእኛ ቀበሌ ተመራጭ ማን ነው? የት አገኘዋለሁ?» የሚለውን ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ በማዕረግ ሳይሆን በቀበሌ ይደራጅ። አፈ ጉባኤውም ሆነ ዋና አስተዳዳሪው የምክር ቤት አባል የሆኑት ከአንድ ቦታ ተመርጠው ነውና በየቀበሌያቸው ሥር ይግቡ፤ ኃላፊነታቸው ከስማቸው አጠገብ ይጻፋል።

ማን ይግባ፣ ማን ይቅር

ፎቶ ከማንሳት በፊት ስም ማጥራት ይቀድማል። ከአፈ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት የጉባኤ መገኛ መዝገቡን ተቀበሉ፤ ቀጥሎ አባላቱ ከምርጫ ቦርድ ካገኙት የተመራጭነት ማረጋገጫ ጋር አስተያዩት። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። የሞተ፣ የለቀቀ፣ ወደ ሌላ ወረዳ የተዛወረ ሰው በመዝገቡ ላይ እንዳለ ይቀራል፤ በስብሰባ ላይ በተጋባዥነት የሚቀመጥ ሠራተኛ ደግሞ እንደ አባል ተቆጥሮ ይገኛል።

ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው ተመራጭንና ተሿሚን በማደባለቅ ነው። የካቢኔ አባል የሆነ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሹመቱን ምክር ቤቱ ስላጸደቀለት ብቻ ተመራጭ አይሆንም። የምክር ቤት ወንበር ያለው ኃላፊ አለ፣ የሌለውም አለ፤ ወንበር የሌለው በዚህ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። የቀበሌ ሥራ አስኪያጅም ተቀጣሪ እንጂ ተመራጭ አይደለም። የቀበሌ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ የተመረጡ ቢሆኑም ምክር ቤታቸው ሌላ ስለሆነ ለብቻቸው ይዘርዘሩ። ከዚያው አካባቢ ወደ ክልል ምክር ቤት ወይም ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተመረጡትን ማስገባት ከተፈለገ በተለየ ሣጥን «ከወረዳው በላይ የሚወክሏችሁ» ብሎ ከታች ማስፈር ይሻላል። ሕዝቡ በተለምዶ ሁሉንም «የምክር ቤት ሰው» ስለሚል፣ የመንገድ ጥያቄውን ይዞ ወደማይመለከተው ሰው ሲመላለስ ይከርማል።

ከእያንዳንዱ ስም ጋር የተመረጠበት ዓመት ይጻፍ። የአካባቢ ምርጫ፣ ማለትም የወረዳ፣ የቀበሌና መሰል ምክር ቤቶች ምርጫ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ2010 ዓ.ም. መካሄድ የነበረበት ተራዝሟል። የ2013ቱ ምርጫ ደግሞ በዋናነት ለሕዝብ ተወካዮችና ለክልል ምክር ቤቶች የተደረገ ነው። ስለዚህ «በ2013 ተመረጠ» የሚል መረጃ በገጠር ወረዳ ምክር ቤት አባል ስም ሥር ከመጣላችሁ ሳታጣሩ አትጻፉት፤ ከክልል ተመራጭ ጋር ተምታቶ ሊሆን ይችላል። ክፍት የሆነ ወንበር ካለም ቀበሌው ከዝርዝሩ አይውጣ፤ «ወንበሩ ክፍት ነው» ተብሎ ይጻፍ። ቀበሌውን ጨርሶ መዝለል ሕዝቡን ስሙ የተደበቀ ተወካይ እንዳለው ያስመስለዋል።

ስምና ቀበሌ

ሙሉ ስም እስከ አያት ይጻፍ። በአንድ ወረዳ ውስጥ በስምም በአባት ስምም የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎች መገኘታቸው ብርቅ አይደለም። አጻጻፉ እንደ ባለቤቱ ይሁን፤ «ኃይሉ» ብሎ የሚፈርመውን «ሀይሉ» አታድርጉት፣ «ፀሐይ»ንም «ጸሀይ» አትበሉ። ይህ ለኮምፒውተሩም ጣጣ አለው። በፊደል ተራ ደርድር ስትሉት ሀ፣ ሐ እና ኀ ለእሱ የተለያዩ ፊደላት በመሆናቸው «ሀይሉ» ከላይ፣ «ኃይሉ» ከነ ተ በኋላ ይወድቃል። በየቀበሌው ያለው ስም ጥቂት ስለሆነ በእጅ ማስተካከሉ ደቂቃ አይፈጅም።

አንዳንድ ቀበሌ ቁጥርም ስምም አለው፤ ተዋህደው አንድ የሆኑትን ደግሞ ሕዝቡ አሁንም በድሮ ስማቸው ነው የሚጠራቸው። ቁጥሩን፣ የአሁኑን ስምና በሥሩ ያሉትን ጎጦች አንድ ላይ አስፍሩ። የቀበሌውን ቁጥር የማያስታውስ ሰው ጎጡን አይስትም። አንድ ቀበሌ ከአንድ በላይ ተመራጭ ካለው ሁሉንም አንድ ላይ አስቀምጡ፤ በመካከላቸው ጎጥ ተከፋፍለው የሚሠሩ ከሆነም የትኛው የት እንደሚገኝ ይጻፍ።

ማዕረግን በተመለከተ አቶ፣ ወይዘሮ፣ ወይዘሪት ይበቃል። ሰውየው በአካባቢው ሐጂ፣ ሼህ፣ ቄስ ወይም መምህር ተብሎ ብቻ የሚታወቅ ከሆነና ከፈቀደ ይጻፍለት፤ «አቶ» ቢባል ሰው ላያውቀው ይችላል። «ክቡር» ግን ለጉባኤው ይቆይ።

ከስሙ ሥር ምን ይጻፍ

ስድስት ነገር ይበቃል፦ የሚወክለው ቀበሌ፣ የተመረጠበት ዓመት፣ በፓርቲ ነው ወይስ በግል የተወዳደረው፣ በየትኛው ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ እንዳለ፣ መተዳደሪያ ሥራው፣ የትና መቼ እንደሚገኝ። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እሱ ነው። ለአብነት ይህን ተመልከቱ፦

«ለሕዝብ ያላቸው ፍቅርና ተቆርቋሪነት ከፍተኛ የሆነ፣ በትጋታቸው የተመሰገኑ ታታሪ አመራር።»

ይህ ለማንም ሰው ሊለጠፍ ይችላል፤ ለአንባቢውም አንዳች አይነግረውም። በምትኩ፦

«የ03 ቀበሌ ተመራጭ። በ2005 ዓ.ም. በግል ተወዳድረው የተመረጡ። የበጀትና ፋይናንስ ቋሚ ኮሚቴ አባል። በግብርና የሚተዳደሩ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይገኛሉ።»

የመገኛ ጊዜው ከቀበሌው የገበያ ቀን ጋር ቢገጥም ጥሩ ነው፤ በሥራ ቀን ማሳውን ትቶ የሚመጣ ጥቂት ነው። ነገር ግን ሰዓቱን ከመጻፋችሁ በፊት ተመራጩ በእርግጥ እንደሚገኝ ከራሱ አረጋግጡ። ሁለት ቅዳሜ መጥቶ ያጣው ሰው ሦስተኛ አይመጣም። «ዘወትር ለሕዝብ ክፍት ነኝ» የሚል መልስ ከሰጠ ቀንና ሰዓት እስኪቆርጥ ድረስ ጠይቁት።

የትምህርት ደረጃ ግዴታ አይደለም። ከተጻፈ ለሁሉም ይጻፍ፤ ዲግሪ ላላቸው ብቻ መጻፍ 4ኛ ክፍል የጨረሰውን ተመራጭ በዝምታ ማሳነስ ነው። ብሔር፣ ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታና የመኖሪያ ቤት አቅጣጫ አይጻፉም። ስልክ ቁጥር በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ ይሰፍራል። በተለይ ሴት ተመራጮች ቁጥራቸው በአደባባይ ከተለጠፈ በኋላ ሌሊት በሚደወል ጥሪ ይቸገራሉ፤ የምክር ቤቱን ጽሕፈት ቤት ቁጥር አስፍሮ ጸሐፊው እንዲያገናኝ ማድረግ ይሻላል።

ከዝርዝሩ ግርጌ ተመራጩ ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል በአራት በአምስት መስመር ይቀመጥ። ጥያቄ ለጉባኤ ያቀርባል፣ በጀት ሐምሌ 1 ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ሲጸድቅ ይከራከራል፣ ድምፅ ይሰጣል፣ የጽሕፈት ቤቶችን ሥራ በቋሚ ኮሚቴው በኩል ይከታተላል። የፍርድ ቤት ውሳኔ አይሽርም፣ የመሬት ይዞታ ደብተር አይሰጥም፣ ሰው አይቀጥርም። ወረዳው ቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት ካለው የሚገኝበትን ቦታም ጨምሩ። ይህ ካልተጻፈ ተመራጩ በማይችለው ነገር ይወቀሳል፣ በሚችለው ነገር ደግሞ የሚጠይቀው አያገኝም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ማንሳት እንደሚችል ይደነግጋል፤ ማን እንደሚወክለው የማያውቅ ሰው ግን ይህን መብት በምን ይጠቀምበታል?

ፎቶ

ሁሉም ፎቶ በአንድ ርቀት፣ በአንድ ዓይነት ግድግዳ ፊት ይነሳ። ስልክ ይበቃል። በቀትር ፀሐይ አታንሱ፤ ዓይን ይጨፈናል፣ ከቅንድብ በታች ጥላ ያርፋል። በጥላ ሥር፣ ፊት ወደ ብርሃኑ ዞሮ ይሁን። ከጀርባ የሚያብረቀርቅ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ ካለ ካሜራው ለብርሃኑ ራሱን ያስተካክልና ፊት ይጠቁራል፤ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ነካ አድርጋችሁ አንሱ፣ ወይም በጭቃ የተመረገ ግድግዳ ምረጡ። ልብስ የዘወትር ይሁን። ጋቢውን ለብሶ የሚታወቅ ሰው በተዋሰው ኮትና ከረባት ፎቶ ሲነሳ ጎረቤቱ እንኳ አይለየውም። ከድሮ ስብሰባ ፎቶ ላይ ተቆርጦ የወጣ፣ የሰው ትከሻ የቀረበት ምስል ይቅርባችሁ። ፎቶው ከቀበሌ ወደ ወረዳ በቴሌግራም ሲላክ በፋይል መልክ ይላክ፤ እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ወርዶ በሕትመት ላይ ይደበዝዛል።

ሕትመትና መለጠፍ

ጽሑፉ በዩኒኮድ፣ ማለትም በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ በሚነበበው የፊደል ሥርዓት፣ ይተየብ። በድሮው የፓወር ግዕዝ ፊደል የተተየበ ሰነድ ፊደሉ ወዳልተጫነበት ማተሚያ ቤት ሲሄድ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣል። የሚታተመውን ፋይል በፒዲኤፍ ማድረግም ከዚሁ ጣጣ ያድናል።

ለወረዳው ሰሌዳ ሙሉ ዝርዝሩ፣ ለየቀበሌው ደግሞ የራሱ ተመራጮች ብቻ በአንድ ኤ4 ገጽ በትልቅ ፊደል ይታተሙ። ስም ከ20 ነጥብ፣ ዝርዝሩ ከ14 ነጥብ ባያንስ ጥሩ ነው፤ ሰሌዳ የሚነበበው ቆሞ፣ ብዙውን ጊዜም ከሰው ትከሻ በላይ ነው። በኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም በሚረጭ ማተሚያ) የታተመ ወረቀት ፀሐይና እርጥበት አይችልም፤ በሌዘር ይታተምና ላሚኔት ይደረግ። ላሚኔቱን በሚስማር አትብሱት፣ በቀዳዳው ውኃ ይገባና ክረምት ሳይወጣ ወረቀቱ ያብጣል። ከወረቀቱ ጠርዝ ውጭ የጣት ስፋት ያህል ላሚኔት ተርፎ ሚስማሩ እዚያ ላይ ይመታ።

በቀበሌ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ብቻ መለጠፍ አይበቃም፤ ጽሕፈት ቤቱ የሚዘጋበት ቀን ብዙ ነው። ጤና ኬላ፣ የገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከል፣ ትምህርት ቤትና ወፍጮ ቤት ይጨመሩ። ወፍጮ ቤት የምንለው ተራ የሚጠብቅ ሰው ጊዜ ስላለው ነው። በአካባቢው ሁለት ቋንቋ የሚነገር ከሆነ ዝርዝሩ በሁለቱም ይውጣ።

ማንበብ ለማይችል ደግሞ መድረክ ያስፈልጋል። በሕዝብ ስብሰባ ላይ አፈ ጉባኤው የቀበሌውን ስም ይጥራ፤ ተመራጩ ይነሳና ስሙን፣ ኮሚቴውን፣ የሚገኝበትን ቀንና ቦታ ይናገር፣ ይቀመጥ። ከግማሽ ደቂቃ አይለፍ። ንግግር ከተፈቀደ የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዎች ሰዓቱን ይጨርሱትና የሩቅ ቀበሌ ተመራጮች በጭብጨባ ብቻ ይታለፋሉ። ሞንታርቦው ቀድሞ ይሞከር፤ ጄኔሬተር የሚጠቀም ከሆነ ከመድረኩ ይራቅ፣ ድምፁ ስሙን ይውጠዋል።

ከገጹ ሥር «የታደሰበት ቀን» ብላችሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፉ፤ የሚያድሰው ሠራተኛ የሥራ መደብም ይጠቀስ። ምክር ቤቱ ጉባኤ ባደረገ ቁጥር የኮሚቴ ለውጥ ወይም የተጓደለ አባል መኖሩ ከቃለ ጉባኤው ይታይ። ለውጥ ካለ የዚያ ቀበሌ ገጽ ብቻ ይታተማል፤ አሮጌው ግን ከሁሉም ቦታ መነሳቱን የሚያረጋግጥ ሰው ይመደብ፤ አለበለዚያ ወፍጮ ቤቱ ላይ አንድ ስም፣ ጤና ኬላው ላይ ሌላ ስም ተለጥፎ ይከርማል።