ለኪስ ማጫወቻ ድምፅን ማመቅ፦ ፎርማትና ቢት ሬት እንዴት ይመረጣል?

የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ዘጌ በሚገኘው በዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ከቅኔ ማኅሌቱ ደጃፍ ቆሜ፣ አባቶችን አስፈቅጄ፣ ማኅሌቱን በትንሽ መቅጃ ቀድቼ ነበር። ባሕር ዳር ስመለስ ቅጂው በኪስ ማጫወቻዬ እንዲጫንልኝ ሚሞሪ ካርዱን ዘፈን ለሚጭን አንድ ሱቅ ሰጠሁ፤ ልጁም «ብዙ ቦታ ስለያዘ አሳንሼልሃለሁ» ብሎ መለሰልኝ። ማታ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ ከበሮው ከሞላ ጎደል ደኅና ነበር፤ ጸናጽሉ ግን ጸናጽልነቱ ቀርቶ ውኃ ውስጥ የሚንኳኳ ሰንሰለት መስሏል። ዋናው ቅጂ የነበረው በዚያው ካርድ ላይ ነው፤ ልጁ አሳንሶ ሲጽፍበት ጠፍቷል። ጥፋቱን በእርሱ ላይ ብቻ ማላከክ አልችልም፤ ሌላ ቅጂ ሳላስቀር ካርዱን ያስረከብኩት እኔው ነኝ።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ይህ ነው፦ ድምፅ የሚታመቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ካልታመቀ እናት ቅጂ ተነስቶ። የፎርማትና የቢት ሬት ምርጫ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ፋይሉ ለምን ይገዝፋል?

ድምፅ በዲጂታል መንገድ ሲቀዳ የአየሩ ንዝረት በየቅጽበቱ እየተለካ በቁጥር ይመዘገባል። በሲዲ ደረጃ ልኬቱ በአንድ ሰከንድ 44,100 ጊዜ ይካሄዳል፤ እያንዳንዱ ልኬት በ16 ቢት ይጻፋል፤ ግራውና ቀኙም ለየብቻ ይመዘገባሉ። እነዚህ ሲባዙ በሰከንድ 1,411,200 ቢት ይመጣል፤ 8 ቢት አንድ ባይት ነውና፣ የአንድ ደቂቃ ቅጂ 10.6 ሜጋ ባይት ገደማ ይይዛል። 44,100 የሚለው ቁጥር በዘፈቀደ የተወሰደ አይደለም፤ የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ (በሰከንድ 20,000 ንዝረት) ድረስ ስለሚሰማ፣ አንድን ንዝረት ሳያዛቡ ለመመዝገብም ከንዝረቱ እጥፍ የሚበልጥ ልኬት ስለሚያስፈልግ ነው። እንዲህ ሳይነካ የተቀመጠ ጥሬ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ዌቭ በተባለው ፎርማት ነው።

ይህን ክምር ለማሳነስ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ጋቢን አጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ እንደመክተት ነው፤ ቦታ ይቆጥባል፣ ሲዘረጋ ግን አንድም ክር አይጎድልም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ፍላክ የዚህ ወገን ሲሆን፣ እንደ ሙዚቃው ዓይነት ፋይሉን ወደ ግማሽ ወይም ከግማሽ ትንሽ ከፍ ወዳለ መጠን ያወርደዋል። ሁለተኛው መንገድ እህልን በሰፌድ እንደማንገዋለል ነው፤ ገለባ ነው ተብሎ የተገመተው ይወጣል፣ የወጣው ደግሞ አይመለስም። ኤምፒ3፣ ኤኤሲ፣ ኦግ ቮርቢስና ኦፐስ በዚህ ወገን ይመደባሉ።

ገለባው ከፍሬው የሚለየው በጆሮአችን ድክመት ነው። ወደ ዘጌ ሲሻገሩ የጀልባው ሞተር እየጮኸ ከጎንዎ የተቀመጠ ሰው ቢያንሾካሹክ አይሰማዎትም፤ ሞተሩ ሲጠፋ ግን ጀልባውን የሚመታው ውኃ ሳይቀር ይሰማል። ኤምፒ3 የሚያደርገው ይህንኑ ሒሳብ ነው፤ በየቅጽበቱ የትኛው ድምፅ የትኛውን እንደሸፈነ ይገምትና የተሸፈነውን በጥቂት ቢት ብቻ ይጽፈዋል ወይም ጨርሶ ይተወዋል። ቢት ሬት የምንለው በአንድ ሰከንድ ስንት ቢት እንዲያወጣ እንደተፈቀደለት ነው፤ በጀቱ ሲያንስ ፍሬውንም ማንገዋለል ይጀምራል።

ችግሩ የሚጎላው ከሞላ ጎደል ሁሉም ነገር ፍሬ በሆነበት ድምፅ ላይ ነው። ዋሽንት ብቻውን ሲነፋ ወይም አንድ ሰው ብቻውን ሲያዜም ድምፁ ሥርዓት ያለው ስለሆነ በትንሽ ቢት ይጻፋል። ጸናጽል ግን አንድ የተወሰነ የድምፅ ከፍታ የለውም፤ ኃይሉ ከፍ ባሉት ንዝረቶች ላይ ተበትኖ፣ ባንቀሳቀሱት ቁጥር እየተለዋወጠ፣ ለማሽኑ ከሹክሹክታና ከዝናብ ድምፅ ብዙም የማይለይ ይሆንበታል። ብዙ መሪጌቶች በአንድነት ሲያንቀሳቅሱት ደግሞ ይብሳል። ጭብጨባና የከበሮ ምት ሌላ ፈተና አላቸው፤ ኤምፒ3 ድምፁን 1,152 ልኬት በያዙ ክፍሎች እየቆራረጠ ስለሚሠራ፣ በሲዲ ደረጃ አንዱ ክፍል 26 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ ምቱ በክፍሉ መሃል ላይ ካረፈ የእመቃው ቆሻሻ ከምቱ በፊት ወዳለው ጸጥታ ይፈስና ምቱ ከመሰማቱ አስቀድሞ የሚሾልክ ጭረት ይፈጥራል። በገና ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ይቀላል ብሎ የሚያስብ ሰው አለ፤ ነገር ግን እንዚራዎቹ የሚፈጥሩት እዝዝታ ከላይ እስከ ታች በንዝረት የተሞላ ነውና ቸል ሊባል አይገባም።

የትኛው ፎርማት?

ማጫወቻው የማያነበው ፎርማት የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን አይጠቅምም፤ ስለዚህ ጥያቄው የሚጀምረው ከመሣሪያው ነው። ኤምፒ3 ቴክኒኩ በአብዛኛው በጀርመኑ ፍራውንሆፈር ተቋም ተሠርቶ፣ የፋይሉ መጠሪያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1995 የተወሰነለት አንጋፋ ፎርማት ነው፤ ተቋሙ የፈቃድ ክፍያ ማስከፈሉንም እ.ኤ.አ. በ2017 አቁሟል። በባጃጅ ላይ የተገጠመ ቴፕም ሆነ ርካሽ የቻይና ማጫወቻ ሌላውን ባያነብ እንኳ ይህን ያነባል። ኤኤሲ እ.ኤ.አ. በ1997 የመጣ ሲሆን በተመሳሳይ ቢት ሬት ከኤምፒ3 የተሻለ ይሰማል፤ የሚያዳምጡት በስልክ ብቻ ከሆነ ይህን ቢመርጡ አይቆጭዎትም። እ.ኤ.አ. በ2012 ደረጃ የወጣለት ኦፐስ በዝቅተኛ ቢት ሬት ሁሉንም ያስከነዳል፤ የቆዩ ማጫወቻዎች ግን አያውቁትም። ፍላክን በተመለከተ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ቦታው ቤት በተቀመጠው ዲስክ ላይ ነው እንጂ ባጃጅ ውስጥ በሚሰማ ፍላሽ ላይ አይደለም።

ቦታን ለማስላት ቢት ሬቱን በኪሎቢት (በሰከንድ በሺህ ቢት) ይዘው፣ በ60 አባዝተው ለ8,000 ያካፍሉ፤ ውጤቱ የአንድ ደቂቃ መጠን በሜጋ ባይት ነው። በ128 ኪሎቢት አንድ ደቂቃ 0.96፣ በ320 ደግሞ 2.4 ሜጋ ባይት ይሆናል። 8 ጊጋ ባይት ካርድ በ128 ኪሎቢት 139 ሰዓት፣ በ320 ኪሎቢት 55 ሰዓት ገደማ ሲይዝ፣ በጥሬው ዌቭ ግን 12 ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ይይዛል። 55 ሰዓት ሙዚቃ በኪሱ ይዞ ቦታ አነሰኝ የሚል ሰው ካለ ችግሩ ሌላ ነው።

ለስብከት፣ ለትረካና ለቃለ መጠይቅ በሞኖ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ሳይለይ፣ 64 ኪሎቢት ይበቃል። ለተለመደ ዘፈን 192 ኪሎቢት፣ ወይም ሌም በተባለው ማመቂያ ቪ2 የሚለው ተለዋዋጭ ቢት ሬት ጥሩ ነው፤ ቪ2 ጸጥ ባለው ቦታ እየቆጠበ፣ በተጨናነቀው ቦታ እያወጣ በአማካይ 190 አካባቢ ያርፋል። ጸናጽል፣ ጭብጨባና ከበሮ ለበዛበት ቅጂ 256 ወይም 320 ቢያወጡ አይባክንም። አንዳንድ የቆዩ ማጫወቻዎች በተለዋዋጭ ቢት ሬት የተሠራን ፋይል ርዝመት አሳስተው ያሳያሉ፤ ፋይሉ ግን አልተበላሸም።

አሠራሩ

ከመቅጃው ያወጡትን ካርድ በመጀመሪያ ወደ ኮምፒውተር ይገልብጡ፤ ከዚያ ወደ ሌላ ዲስክ አንድ ተጨማሪ ቅጂ ያስቀሩ፤ ይህ ሳይሆን ካርዱን ለማንም አይስጡ። ከካሴት የሚገለብጡ ከሆነ የቴፑን ጭንቅላት በአልኮል ጠርገው፣ ከፍተኛው ድምፅ ቀረጻው ከሚሸከመው ጣሪያ 6 ዴሲቤል ያህል ዝቅ እንዲል አስተካክለው፣ ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም በዌቭ ይቅዱ። ጣሪያውን የነካ ድምፅ ተቆርጦ ይቀራል፤ በኋላ ቢቀንሱትም አይድንም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ባትሪ ባለው ላፕቶፕ መቅዳት ይሻላል፤ ቀረጻው በመሃል የተቋረጠ ዌቭ ርዝመቱ በመግቢያው ላይ ሳይጻፍ ስለሚቀር አልከፈትም ሊል ይችላል።

ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቅ ማኅሌት ለሚቀዳ ሰው ደግሞ አንድ የተለየ ማሳሰቢያ አለ። ዌቭም ሆነ ፋት32 የተባለው የካርድ አደረጃጀት ከ4 ጊጋ ባይት የሚበልጥ ፋይል አይሸከሙም፤ ይህም በሲዲ ደረጃ ስድስት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ገደማ ነው። መቅጃዎ ፋይሉን በራሱ እየከፈለ የሚቀጥል መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ካልሆነ በየተወሰነ ጊዜው ራስዎ አቁመው ይጀምሩ።

እናት ቅጂውን ወደ ፍላክ ይለውጡት፤ ለማጫወቻው የሚሆነውንም ከዚሁ ፍላክ ያምቁ። ቢት ሬቱን ለመወሰን የሰው ምክር ከመስማት በራስዎ ጆሮ መፈተን ይበልጣል። ጸናጽሉ እጅግ የበዛበትን አንድ ደቂቃ ቆርጠው በ128፣ በ192 እና በ320 ያምቁት፤ ከዚያም የቤት ሰው ስሙን ሳይነግርዎ ከእናት ቅጂው ጋር እያፈራረቀ፣ የድምፁን ከፍታ ሳይለውጥ፣ ደጋግሞ ያሰማዎት። ከእናቲቱ መለየት ካቃተዎት መካከል ትንሹ ቢት ሬት የእርስዎ ነው። እኔ 192ን ከእናት ቅጂው መለየት ሲያቅተኝ ታናሽ እህቴ አምስቱንም ጊዜ አልሳተችም፤ ዕድሜ ከፍ ያሉትን ንዝረቶች አስቀድሞ ከጆሮ ይወስዳልና ብዙም አልተገረምኩም። ፈተናው በገመድ ማዳመጫ ይሁን፤ ብሉቱዝ ድምፁን በመንገድ ላይ እንደገና ስለሚያምቀው ልዩነቱን ይሸፍነዋል።

ያለዎት 128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ብቻ ከሆነ ወደ 320 ወይም ወደ ፍላክ መለወጥ ቦታ ከማጥበብ ሌላ ፋይዳ የለውም። ወደ 320 ሲለውጡት እንዲያውም በመጀመሪያው ጉድለት ላይ ሌላ ጉድለት ይደረባል። ከሰው የተቀበሉትን «320» የተባለ ፋይል ከተጠራጠሩ በኦዳሲቲ የድምፁን የንዝረት ሥዕል (ስፔክትሮግራም) ከፍተው ይመልከቱ፤ ከ16,000 ኸርዝ በላይ በቢላ እንደተቆረጠ ባዶ ከሆነ ቀድሞ በ128 የታመቀ ሳይሆን አይቀርም። አሮጌ ካሴት ግን በተፈጥሮው ላይኛው ድምፅ ስለሚያንሰው እንደዚህ ባለው ላይ ለመፍረድ አይቸኩሉ። በቴሌግራም ቅጂ ሲለዋወጡም በፋይል መልክ ይላኩ፤ ድምፁን ከማጫወቻ አውጥተው እንደ ድምፅ መልእክት መልሰው ቢቀዱት በኦፐስ እንደገና ይታመቃል።

በመጨረሻ ካርዱን ማሰናዳት ይቀራል። 64 ጊጋ ባይትና ከዚያ በላይ የሆኑ ካርዶች የሚመጡት ኤክስፋት በተባለው አደረጃጀት ስለሆነ የቆየ ማጫወቻ ላያያቸው ይችላል፤ በ32 ጊጋ ባይት ካርድ መወሰን ብዙ ጣጣ ያስቀራል። ብዙ ርካሽ ማጫወቻዎች የግዕዝ ፊደል ስለሌላቸው የዜማውን ስም በአራት ማዕዘን ሳጥኖች ይተኩታል፤ ለእነርሱ የፋይሉን ስም በላቲን ፊደል ጽፈው ከፊቱ 01፣ 02 እያሉ ቁጥር ይስጡት። ፋይሎቹንም በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ይገልብጡ፤ እነዚህ ማጫወቻዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያጫውቱት በስም ሳይሆን ወደ ካርዱ በገቡበት ተራ ነው፤ ወረቡ ከመልክዓው ቀድሞ ቢመጣብዎት ምክንያቱ ይኸው ነው።

ያንን የተበላሸ የዘጌ ቅጂ አልሰረዝኩትም። በፋይሉ ስም ላይ «64 ኪሎቢት፣ ከዚህ የተሻለ የለም» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ አንድ ቀን ሰው ወደ 320 ለውጦ መልሶ እንዳያመጣልኝ።